ፍርስራሽን ያተሙ እጆች

በ18ኛው መቶ ዘመን ሮም ከተማ መሐል ከብት ይሰማራ ነበር። የጥንት ቄሣሮች ሸንጎ የተቀመጡበት፣ ድል አድርጎ የተመለሰ ሠራዊት የተሰለፈበት አደባባይ በደለልና በፍርስራሽ ተሞልቶ፣ ሣር በቅሎበት፣ የከተማው ሰው «የላም ሜዳ» እያለ ይጠራው ነበር። የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የድል ቅስት እስከ ወገቡ ተቀብሯል። ከቬስፓሲያን ቤተ መቅደስ የተረፉት ሦስት ዓምዶች ከአናታቸው አካባቢ በቀር አይታዩም። ጋሪ በመካከላቸው ያልፋል፤ ላሞች ጥላቸው ሥር ያመሰኳሉ።

ይህ ገጽታ ዛሬ የለም። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከብቱም ሄዷል። ያም ሆኖ የላም ሜዳውን በዐይናችን ያየነው ያህል እናውቀዋለን፤ አንድ ሰው በመዳብ ላይ ጭሮ፣ በቀለም አትሞ ስላስቀረልን። ሰውዬው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔሲ ይባላል። የእሱን ሥራ እዚህ የማስተዋውቀው ግን ስለ ሮም ብቻ ለማውራት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙ ድንጋዮች አሉን፤ እነሱን ሳስብ ይህ ሰው ደጋግሞ ትዝ ይለኛል።

ፒራኔሲ እ.ኤ.አ. በ1720 ከቬኒስ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ አጎቱ ደግሞ በቬኒስ የውኃ ሥራ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ። ልጁ የሕንፃ ሥራ ተማረና በ20 ዓመቱ ከቬኒስ አምባሳደር አጃቢዎች ጋር ሮም ገባ። ሕንፃ የሚያሠራው ግን ብዙም አላገኘም። በዕድሜው ሙሉ ያቆመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱም አቬንቲን በሚባለው የሮም ኮረብታ ላይ ያለው ሳንታ ማሪያ ዴል ፕሪዮራቶ ሲሆን፣ በሞተ ጊዜም እዚያው ተቀበረ። እንደዚያም ሆኖ በሚያትማቸው ሥዕሎች ላይ ስሙን ሲጽፍ «የቬኒስ አርክቴክት» ማለቱን አልተወም። አዲስ ሕንፃ እንዲያቆም የሚጠራው ቢጠፋ አሮጌዎቹን በወረቀት ላይ አቆማቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ዝርግ የመዳብ ሰሌዳ እንደ መስታወት እስኪያብረቀርቅ ይወለወልና ይሞቃል። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን በጎመን ዘር እንደምታስሰው፣ ሰምና ሙጫ የተቀላቀለበት ልባስ በሞቀው መዳብ ላይ በስሱ ይታሰሳል። ከዚያ ሰሌዳው ተገልብጦ በሻማ ጭስ ይጠቁራል። ሠዓሊው በሾለ መርፌ የሚሥለው በዚህ ጥቁር ሰም ላይ ነው፤ መርፌው ባለፈበት ሁሉ ሰሙ ይነሣና ቀዩ መዳብ ብልጭ ይላል። ኃይል አይጠይቅም፤ እጅ በብዕር ወረቀት ላይ እንደሚሄደው ይሄዳል። መዳቡን የሚቦረቡረው አሲድ ነው። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር ሰም የሸፈነው ቦታ አይነካም፤ የተገለጠው መስመር ግን እየተበላ ቦይ ይሆናል። ሰሙ ሲጠረግ በመዳቡ ላይ የቀረው የቦዮች መረብ ነው። በዚያ ላይ ወፍራም የኅትመት ቀለም ይታሽበታል፤ ትርፉ በጨርቅ፣ በመጨረሻም በመዳፍ ይጠረጋል፤ ቀለም ቦዮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ርጥብ ወረቀት ይለብስና በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል። ወረቀቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ያወጣል። ሥዕሉ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ስለሚወጣ ሠዓሊው ከመጀመሪያው ገልብጦ ማሰብ አለበት፤ ጽሑፍም ካለው ፊደሉን በግልባጭ ይጽፋል።

የፒራኔሲ ልዩ ችሎታ ያለው አሲዱ ላይ ነው። ሰማዩን፣ ደመናውንና ሩቅ ያለውን ግንብ ለአፍታ ብቻ ያስነክርና መስመሮቹ በዚያው ቀጭን ሆነው እንዲቀሩ በቫርኒሽ ይሸፍናቸዋል። ቅርብ ያለውን ድንጋይ፣ የቅስቱን ጥላ፣ ቁጥቋጦውን ደግሞ መልሶ መላልሶ ያስበላል። ስለዚህ አንድ ሰሌዳ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮችና ጥልቅ ቦዮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ጥሩ ቅጂ አጠገብ የቆመ ሰው ጥቁሩ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ሲታይ ልብ ይላል፤ ቀለሙ ውፍረት አለው። ከሩቅ ሲታይ ሰማዩ የሚሸሽ፣ ድንጋዩ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

«የሮም ዕይታዎች» የተባሉትን 135 ትልልቅ ሰሌዳዎች ከ1740ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1778 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ሲሠራ ኖረ። አንዱን ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ማተም ስለሚቻል ሥዕሉ ለመኳንንት ቤት ብቻ የሚሆን አልነበረም፤ ሮምን ሊጎበኝ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ የሚመጣው ወጣት እየገዛ በሻንጣው ይዞ ይመለስ ነበር። አውሮፓ ሮምን በአእምሮው የሣለው በእነዚህ ወረቀቶች ነው። ታላቁ ጀርመናዊ ደራሲ ጎተ ከልጅነቱ ጀምሮ የሮምን የኅትመት ሥዕሎች እያየ አድጎ ነበር፤ በመጨረሻ ከተማዋን በአካል ሲያያት አንዳንዱ ፍርስራሽ ፒራኔሲ እንዳሳየው ግዙፍ ሆኖ አላገኘውም።

ጎተ አልተሳሳተም። ፒራኔሲ ያገዝፋል። በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ብታዩ ጨርቃቸው የተቀዳደደ፣ እጃቸውን የሚያወራጩ፣ ከዓምዱ መሠረት የማይበልጡ ሚጢጢዎች ናቸው። እነሱ ሲያንሱ ድንጋዩ ያድጋል። ዐይኑንም ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ተመልካቹ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲያንጋጥጥ ይገደዳል። ግንቡ ላይ ሐረግና ቁጥቋጦ ይለቅበታል። ኋላ «ሮማንቲክ» የተባለው ስልት፣ ፍርስራሽን በአድናቆት፣ በናፍቆትና ትንሽም በፍርሃት የማየት ልማድ፣ ከምንጮቹ አንዱ እዚህ ነው። ሆኖም ሰውዬው አጋኖ ብቻ የሚሥል ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1756 ባወጣው «የሮም ጥንታዊ ቅርሶች» በተባለው ባለ 4 ጥራዝ መጽሐፉ መሠረት ለክቷል፣ የግንብ ውፍረት መዝግቧል፣ ድንጋይ ከድንጋይ የተያያዘበትን ብረት ሳይቀር ሥሏል። በመግቢያውም ለምን እንደሚደክም ተናግሯል፤ ቅርሶቹ በዘመን ብዛትና ድንጋዩን ለአዲስ ግንባታ ለመሸጥ በሚያፈርሷቸው ባለይዞታዎች ስግብግብነት ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ሲሄዱ ስላየ፣ በኅትመት ሊያቆያቸው መወሰኑን ይገልጻል።

እኔ ከፒራኔሲ ሁሉ የምወደው ይህን ቃሉን ነው። በእርግጥ የዚያ ዘመን ሮማዊ እብነ በረዱን እያቃጠለ ኖራ ሲያወጣበት የኖረ ሕዝብ ልጅ ነው፤ ፍርስራሹ ለእሱ የድንጋይ ካባ ነበር። ያው ድንጋይ በወረቀት ላይ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በለንደን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ዋጋው ተለወጠ። መዳቦቹም አልጠፉም። ዛሬ ሮም ውስጥ በመንግሥት የኅትመት ጥበብ ተቋም ተጠብቀው ይገኛሉ።

ይህ የማየት ልማድ ወደ እኛም አገር መጥቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የአክሱም ሐውልት የኅትመት ሥዕል ነበረበት። በ1805 ደግሞ ሎርድ ቫለንሺያ የተባለ እንግሊዛዊ ባላባት ጸሐፊውንና ሠዓሊውን ሄንሪ ሶልትን ከምጽዋ ወደ ትግራይ ላከው። ሶልት አክሱም ደርሶ ቆሞ የቀረውን ሐውልት ሣለ፤ የብሩስንም ሥዕል ትክክል አይደለም ብሎ ተቸው። የሶልት ሥዕሎች በ1809 ለንደን ላይ «ሃያ አራት ዕይታዎች» በተባለ ትልቅ ስብስብ ታተሙ። የታተሙበት ዘዴ አኳቲንት ይባላል። በመዳቡ ላይ የደቀቀ ሙጫ ይነሰነስና እንዲጣበቅ ይሞቃል፤ አሲዱ በቅንጣቶቹ መካከል እየገባ መዳቡን ሲያሻክረው፣ በመስመር ፈንታ በውኃ ቀለም የተቀባ የሚመስል ጥላ ይወጣል።

የአክሱሙ ሥዕል በዚያ ስብስብ ውስጥ ከሚታወሱት አንዱ ነው። ሐውልቱ ከ20 ሜትር በላይ ቁመቱን ይዞ ይቆማል፤ የውሸት በሩና መስኮቶቹ በግልጽ ይታያሉ። አጠገቡ አንድ ግዙፍ ዳዕሮ ጥላውን ጥሏል፤ ሰዎቹ ትንንሾች ናቸው። ለፒራኔሲ ሥራ ዐይኑ የለመደ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል። የድንጋዩ ታላቅነት በሰው ማነስ ይለካል፤ ዛፉ ደግሞ ሕይወትና ዘመን ድንጋዩን አልፈው እንደሄዱ ይናገራል። የእንግሊዝ አንባቢ አክሱምን ከሮም ጎን ማስቀመጥ የቻለው እንዲህ ባለ ወረቀት ነው።

ፍርስራሽን መውደድ ግን ሁልጊዜ የቅን ልብ ሥራ አይደለም። የሙሶሊኒ መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ አክሱም ላይ ወድቆና ተሰባብሮ የነበረውን 24 ሜትር ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ወሰደው። የተከለው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፊት ለፊት፣ የጥንቱ የሮም የፈረስ ጋሪ መወዳደሪያ አጠገብ ነው። ከዚያ ቦታ ፒራኔሲ የተቀበረበት አቬንቲን ኮረብታ ቅርብ ነው። ጣሊያን በ1947 የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ አክሱም የገባው ግን በ2005፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጭኖ ነው። በ2008 እንደገና ቆመ። ይህን የምጠቅሰው የሌላውን አገር ድንጋይ በወረቀት ወስዶ መሄድና ድንጋዩን ራሱን ጭኖ መሄድ በአንድ ዘመን አስተሳሰብ ውስጥ ጎን ለጎን እንደነበሩ እንዳንረሳ ብዬ ነው። የራሳችንን ድንጋይ ራሳችን ብንሥል የተሻለ ነው የምልበት አንዱ ምክንያቴ ይኸው ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ወዳነሣኋቸው ድንጋዮች፣ ወደ ጥያ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ አገር ቤት የሚገባው የሶዶና የመስቃን ሰው መልካ ቁንጥሬን አልፎ፣ ቡኢ ሳይደርስ፣ በአጠገቧ ያልፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ያ መንገድ በአውቶቡስና በሚኒባስ ተጨናንቆ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ ተቆልሎ፣ ስንት ሺህ ሰው ይሄድበታል። ሁሉም ወደ ቤቱ፣ ወደ ክትፎውና ወደ ዳመራው ነው የሚጣደፈው፤ ከአስፓልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ያለውን የድንጋይ መስክ ለማየት የሚወርደው ጥቂት ነው። የወልቂጤ ሰው ደግሞ በጅማ መንገድ በወሊሶ በኩል ስለሚሄድ መንገዱም አያገናኘውም። ጥያን የሚያውቃት በስም፣ ቢበዛ በስልኩ ባያት ፎቶግራፍ ነው።

መስኩ ውስጥ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ትልቁ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሶዶ አካባቢ ወደ 160 የሚጠጉ የዚህ ዓይነት ሥፍራዎች መገኘታቸውን መዝገቡ ይናገራል፤ ጥያ ከሁሉ ስመ ጥሯ ናት። በቅርበት ስታዩዋቸው መጀመሪያ የሚታያችሁ ሰይፍ ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ። ከሰይፉ ሌላ ክብ አለ፤ የተጣመሩ መስመሮች አሉ፤ ወደ ታች ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል ምልክት አለ። ከምልክቶቹ አብዛኞቹን እስካሁን ፈትቶ የጨረሰ የለም። ፀሐይ ገደድ ስትል የቅርጹ ጠርዝ ጥላ ይይዛል፤ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው፣ ሽበት የመሰለው ሽበቶ ፊቱን በየቦታው ጠቅጥቆታል። ረፋድ ላይ ልሙጥ የመሰለው ፊት ማታ ላይ በሰይፍ ተሞልቶ ይታያል። አንድ የመዳብ ኅትመት ሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል። ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን በመቶ ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው። የካፑቺን መነኩሴው አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሻምባር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የደቡቡን ትክል ድንጋዮች እየዞሩ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ በ1931 ፓሪስ ላይ በትልቅ መጽሐፍ አወጧቸው። በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ አጠና፤ ሮዤ ዡሶም ደግሞ ጥያን ቆፍሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር መኖሩን አሳየ። ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ፣ ተኮራምተው የተቀበሩ ሰዎች ተገኙ፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ስታውቁ ሰይፎቹን በሌላ ዐይን ታያላችሁ።

ጥያን ለዓለም ያስተዋወቁት እንግዲህ የፎቶግራፍ ገጾችና የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የመስመር ንድፎች ናቸው። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ ያለ እነሱ ምንም አናውቅም ነበር። የባለሙያው ንድፍ ግን ድንጋዩን ከመሬቱ ነቅሎ በነጭ ወረቀት ላይ በልኬት ያስቀምጠዋል፤ ሰማዩ የለም፣ ሣሩ የለም፣ አጠገቡ የሚያልፍ ልጅ የለም። ፎቶግራፉ ደግሞ ያለውን ሁሉ እኩል ይይዛል፤ አጥሩንም ሽበቶውንም። ፒራኔሲ ያደረገውን፣ ማለትም መርጦ ማየትን፣ አንዱን መስመር ለአፍታ ሌላውን አሥር ጊዜ ማስበላትን፣ ሊያደርግ የሚችለው ድንጋዩ ፊት ተቀምጦ የሚውል ሠዓሊ ነው።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሃንሰን ባሂያ የተባለ፣ ብራዚል ኖሮ የመጣ ጀርመናዊ የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ እዚያ አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን በኋላ በቀርከሃ ላይ በሠራቸው ሥዕሎች ዓለም ቢያውቀውም፣ በወጣትነቱ ብዙ የእንጨት ኅትመት ሠርቷል።

ለጉራጌ ከተሞች የምመኘውም ይህንኑ የእንጨቱን መንገድ ነው። መዳብና አሲድ ውድ ናቸው፤ ጭሱም አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት፣ የሚያውቅ ሰውም ይፈልጋል። የእንጨት ኅትመት ግን ወልቂጤና ቡታጅራ ውስጥ በየሰፈሩ ካለ የእንጨት ሥራ ቤት የማይጠፋ ዕቃ ነው የሚጠይቀው፤ የዋንዛ ቁራጭ፣ መሮ፣ ሞረድ። ሳንቃው በደንብ ይላጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሥዕሉ ተገልብጦ ይነደፍበታል። እዚህ ሕጉ ከመዳቡ ተቃራኒ ነው፤ የተቆረጠው ነጭ ይሆናል፣ ሳይነካ የቀረው ጥቁር ይወጣል። የኅትመት ቀለም በሮለር በስሱ ይቀባል፣ ወረቀት ይለብሳል፣ ማሽን ከሌለ ጀርባው በማንኪያ ጉብታ ቀስ ተብሎ ይታሻል። አንድ ሳንቃ ብዙ ቅጂ ይሰጣል። የሰይፉ ጠርዝ በሰፊ መሮ፣ ሽበቶው በትንሿ ጫፍ ነጠብጣብ፣ የክረምቱ ሰማይ በረጅም ጭረት። የጥያ ድንጋይ ጠራቢዎች ቅርጽ ያወጡት ድንጋይ እየቀነሱ ነው፤ በእንጨቱም መንገዱ እንዲሁ እየቀነሱ ማውጣት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ማንም ሰው ወረቀት ለጥፎ ድንጋዮቹን በከሰል አይሻቸው፣ ቀለምም አይቀባቸው። ከድንጋዩ ፊት ተቀምጦ በእርሳስ መንደፍ ይበቃል፤ ቅርጹ ከዚያ ወደ ሳንቃው ይሄዳል።

የወልቂጤና የቡታጅራ የሥዕል መምህራን፣ የትምህርት ቤት ክበባት፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ተማሪዎችን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጥያ አውጧቸው፤ እስከ ማታ እዚያ አውሏቸው፤ ጥላው ሲዞር ያዩት። ከጥያ አልፎም በሶዶ ገበሬ ማሳ ዳር የቆሙ፣ ስማቸው የማይነሣ ሌሎች ድንጋዮች አሉ፤ እነሱንም የሚሥላቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ አሥር ሃያ ቅጂ አትሙና ለመስቀል አገር ቤት ለሚገባው ሰው በመናኸሪያው አካባቢ በቅናሽ ዋጋ ሽጡለት። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይዞት ይሂድ። ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለው ሰው በሚቀጥለው መስቀል ጥያ ላይ ሹፌሩን «አቁምልኝ» ማለቱ አይቀርም።